የሰረቀና የፋቀ፤ ስለ ድርሰትና ስለ ፈጠራ ባለቤትነት በኢትዮጵያ

በየገዳማቱና በየአድባራቱ የሚገኙትን የብራና መጻሕፍት የመረመረ ሰው፥ በመጀመሪያው ወይም በመጨረሻው ቅጠል ላይ ብዙ ጊዜ አንድ አጭር ውግዘት ተጽፎ ያገኛል። ውግዘቱ መጽሐፉን የሰረቀና የፋቀ ሰው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተለየ እንዲሆን ያዛል፤ አንዳንዱም የሸጠውንና የለወጠውን ይጨምራል። ይህን ቃል ብዙዎች እንደ ተራ ልማድ ቈጥረው ያልፉታል። የሕግን ታሪክ ለሚከታተል ሰው ግን፥ ውግዘቱ ከሚከለክለው ነገር ይልቅ ሳይከለክል የተወው ነገር የበለጠ ያስተምረዋል። የሰረቀ ይረገማል፤ የፋቀም ይረገማል፤ የቀዳ ግን አይረገምም።

እንዲያውም መቅዳት የሚያጸድቅ ሥራ ነበረ። አንድ ደብር የሌለውን መጽሐፍ ከሌላው ደብር ተውሶ፥ ቁም ጸሐፊ ቀጥሮ ያስቀዳል፤ መኳንንቱም ለነፍሳቸው መጽሐፍ አስጽፈው ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣሉ። ለጸሐፊው የሚከፈለው ዋጋ ለብራናው፥ ለቀለሙና ለእጁ ድካም ነው፤ ስለ ድርሰቱ ለደራሲው ወይም ለደራሲው ልጆች ሊከፈል የሚገባ ነገር አለ ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ያስጻፈው ሰው ስም በጸሎቱ መካከል እየገባ ይጻፋልና፥ አንባቢው ጸሎቱን በደገመ ቍጥር ያንን ስም ይጠራል። መጽሐፉ ወደ ሌላ እጅ ሲያልፍ ደግሞ፥ አዲሱ ባለቤት የፊተኛውን ስም ፍቆ የራሱን የሚያስገባበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ዛሬ በየቤተ መጻሕፍቱ በሚገኙት ብራናዎች ላይ የተፋቀው ስፍራ ሻክሮ፥ በላዩም ሁለተኛው ስም በሌላ እጅ ተጽፎ በግልጽ ይታያል። ውግዘቱ ፋቂ የሚለው እንግዲህ ቈዳውን ለጽሕፈት የሚያዘጋጀውን ብራና ፋቂ አይደለም፤ ስም አጥፊውን ነው።

ስለዚህ የአገራችን የቀድሞ ልማድ ስለ አእምሮ ሥራ ምንም ሕግ አልነበረውም የሚለው አነጋገር፥ ተደጋግሞ ቢሰማም፥ ልክ አይመስለኝም። ፍትሐ ነገሥቱ የስርቆትን ፍርድ ሲዘረዝር የሚናገረው ስለሚዳሰስ ገንዘብ መሆኑ እውነት ነው። ልማዱ ግን ስምን ይጠብቅ ነበር፤ ቅጅውን ለሁሉ ለቀቀው። ከ1952 ዓ.ም. ወዲህ በጽሑፍ የተደነገገው ሕግ ስሙንም ቅጅውንም ይጠብቃል። ሆኖም ልማዱም ሕጉም በስም የሚጠራ አንድ ሰው ይፈልጋሉ፤ ባለቤቱ ሕዝብ የሆነ ዕውቀት ግን በሁለቱ መካከል ወድቆ ቈየ። ይህ እንዴት እንደ ሆነ በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት እሞክራለሁ።

የልማዱ ጠባይ በቅኔ ቤት ይበልጥ ይጠራል። በዋድላም ሆነ በጎንጅ ወይም በዋሸራ፥ ተማሪው አዲስ ቅኔ እየቈጠረ ለመምህሩ ይነግራል፤ በማኅሌት ላይ የሚቀርበውም ቅኔ ለዚያው ዕለት የታሰበ መሆን ይገባዋል። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ሰው ዳኛ ፊት አይቆምም፤ መቀለጃ ይሆናል እንጂ። በሊቃውንት መካከል ሞገስ ማጣት ደግሞ ለደብተራ ከገንዘብ መቀጮ የሚብስ ነው። እዚህ ላይ ቋንቋችን የሚጫወተው ጨዋታ አለ፤ ቅኔን በጉባኤ ማፍሰስ «መዝረፍ» ይባላልና፥ እገሌ ቅኔ ዘረፈ ሲባል የሌላውን ወሰደ ብሎ የሚረዳ የለም። ቃሉ ከጦር ሜዳ ወደ ቅኔ ማኅሌት በምን መንገድ እንደ ተሻገረ መመርመሩን ለቋንቋ ሊቃውንት እተወዋለሁ። ለእኛ የሚጠቅመን ቅኔው አንድ ጊዜ ከተነገረ በኋላ የሚሆነው ነው። ሰሚው በቃሉ ይዞ ወደ ሌላ አገር ይወስደዋል፤ ለተማሪዎቹ ይነግራቸዋል፥ ይፈታላቸዋል፤ ፈቃድ የሚጠይቀው ሰው የለም። የሚጠበቅበት «የእገሌ ቅኔ ነው» ብሎ መጀመር ብቻ ነው።

አለቃ ገብረ ሐና የሚታወቁበትን አቋቋም በዚህ ረገድ መመልከት ይጠቅማል። እንደሚተረከው፥ የፎገራው ሊቅ በጎንደር ሳሉ የዝማሜውንና የመቋሚያውን እንቅስቃሴ በአዲስ ስልት አዋቅረው ቢያቀርቡ፥ የጎንደር ሊቃውንት ከአባቶች ያልወረስነው ነው ብለው ሳይቀበሉት ቀሩ። ልጃቸው አለቃ ተክሌ ግን ስልቱን ከአባታቸው ተምረው በደብረ ታቦር አስተማሩት፤ እስከ ዛሬም በልጁ ስም «ተክሌ» ይባላል። በዛሬው ሕግ ቋንቋ ብንናገር፥ ሥራው የተጠራው በአውጪው ስም ሳይሆን በአሠራጪው ስም ነው። ይሁን እንጂ ማን ምን እንደ ሠራ ማንም አልተሳሳተም፤ ተክሌን የሚያስተምር መምህር ሁሉ የአባቱን ታሪክ አብሮ ይነግራልና። ከመምህር ወደ መምህር የሚቈጠረው የትምህርት የዘር ሐረግ የምስክር ወረቀት ሆኖ አገልግሏል ማለት ይቻላል። በአለቃ ገብረ ሐና ላይ የደረሰው ሌላው ነገር ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሌሎች የፈጠሩት ቀልድ ሁሉ በእሳቸው ስም ይነገራል። የሰው ሥራ ለራስ ከመውሰድ ይልቅ የራስን ሥራ ለታወቀ ሰው መስጠት በአገራችን የቃል ሥነ ጽሑፍ እጅግ የበዛ ልማድ ነው፤ የባለቤትነትን ሕግ ያዘጋጁ ሰዎች ግን ይህን ዐይነቱን ልግስና ያሰቡበት አይመስልም።

ከዚህ ሁሉ የሚለይ አንድ ዘርፍ አለ፤ ይኸውም የመድኃኒት ዕውቀት ነው። ቅጠሉን በጥሶ ሥሩን ምሶ የሚያክም ሰው የሚያውቀውን ለጉባኤ አያፈስም። ከልጆቹ መካከል ምስጢር ይጠብቃል ብሎ ያመነበትን አንዱን መርጦ፥ አንዳንድ ጊዜም ሊሞት ሲል ብቻ ያሳየዋል። መድኃኒቱ በብዙ ሰው ዘንድ ከታወቀ ኃይሉን ያጣል የሚለው እምነት በብዙ አውራጃዎች ይገኛል። እምነቱን አጉል ነው ብሎ መተው ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሌላ ጠባቂ በሌለበት አገር ምስጢርን የሚያስከብር አጥር ይህ ነበረ። ዕፀ ደብዳቤ የሚባሉት መጻሕፍትም እንደ ዳዊት በየቤቱ የሚቀዱ አልነበሩም። እንግዲህ ቅጅን መከልከል ለአባቶቻችን ፈጽሞ ያልታወቀ ነገር አልነበረም፤ የከለከሉት ግን ለእንጀራቸው በሚሆነው ዕውቀት ላይ ነው፤ ለነፍስ የሚሆነውን ለቀቁት።

የማተሚያ መኪና ሲገባ የመቅዳት ትርጓሜ ተለወጠ። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ፥ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በጎሐ ጽባሕ ማተሚያ ቤት መጻሕፍት ባሳተሙበት ዘመን፥ አንድ መጽሐፍ ለብዙ መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ይደርስ ጀመር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ቈጥረው በ1920 ዓ.ም. ያሳተሙት ካታሎግ ማን ምን እንደ ጻፈ በሥርዐት የሚያስታውቅ ነውና፥ የስም ጥበቃ ወደ ኅትመት ዘመን የተሻገረበት ሥራ ሊባል ይገባዋል። ቅጅው ግን ሜዳ ላይ ነበር። ቁም ጸሐፊው አንድ ዳዊት ለመቅዳት ወራት ይፈጅበት ነበርና ቀጂ የደራሲን ኑሮ የሚጎዳበት መንገድ አልነበረም፤ ማተሚያ ያለው ቀጂ ግን ነጋዴ ነው።

ይህን ክፍተት የሞላው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ፥ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ የሚናገረው ክፍል ከቍጥር 1647 እስከ 1674 ያለው ነው። መነሻው ግልጽ ነው፤ የአእምሮ ሥራ ያወጣ ሰው፥ ሥራውን በማውጣቱ ብቻ፥ ግዙፍነት የሌለው የባለቤትነት መብት ያገኛል። ሥራው ጥሩ ይሁን መጥፎ፥ ዓላማው ምንም ይሁን ምን፥ ሕጉ አይጠይቅም፤ መዝገብ መግባትንም የመብቱ መነሻ አላደረገውም። ከዚህ ቀደም ብሎ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም እንዲህ ያለውን መብት የደፈረ እንዲቀጣ ደንግጎ ነበር። ስለ ፈጠራ ግን በዚያ ዘመን የተሠራው ጥቂት ነው፤ የንግድ ሕጉ ፓተንትን በስም ቢያነሣም፥ ማን ለማን እንዴት እንደሚሰጠው የሚወስን ልዩ ሕግ አልነበረም። የፈጠራ፥ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቍጥር 123 የወጣው በ1987 ዓ.ም. ነው። በዚህ አዋጅ ፓተንት ለ15 ዓመት ይጸናል፤ ፈጠራው በአገር ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመርለታል። ዛሬ የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የሚባለው መሥሪያ ቤት በጽሕፈት ቤትነት የተቋቋመው በ1995 ዓ.ም. ሲሆን፥ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቍጥር 410 በፍትሐ ብሔር ሕጉ የነበረውን ክፍል ተካ።

አዋጅ ቍጥር 410 የደራሲውን መብት ለሁለት ይከፍላል። አንደኛው የገንዘብ መብት ሲሆን፥ ማባዛትን፥ ማሠራጨትንና የመሳሰለውን ይጨምራል፤ ደራሲው በሕይወት እስካለ፥ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይቈያል። ሁለተኛው የሞራል መብት የሚባለው ነው፤ በዚህ መብት ደራሲው ሥራው የእሱ መሆኑ እንዲታወቅለት ይጠይቃል፥ ክብሩን በሚነካ አኳኋን ሥራው እንዳይዛባም ይከላከላል። አንባቢ ልብ ብሎት እንደ ሆነ፥ የሞራል መብት የሚባለው ብራናው ላይ ያነበብነው የፋቂው ውግዘት ነው፤ አዲስ የመጣው በቀጂው ላይ የተደረገው ክልከላ ነው። አዲሱን ሕግ ሙሉ በሙሉ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ አድርገው ለሚቈጥሩ ይህን ማሳሰብ ያስፈልጋል።

ሕጉ የሚያውቀው ባለመብት ግን ወጥ የሆነ ነገር ያወጣ ሰው ነው። ባለቤቱ ያልታወቀ የቈየ ነገር ከዚህ አጥር ውጭ ይቀራል። ይህ ለዜማና ለተረት ብዙ ጉዳት ላያመጣ ይችላል። በእንዶድና በጤፍ ላይ የደረሰውን ስንመለከት ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ እንረዳለን።

እንዶድ በአገራችን ከሳሙና በፊት የነበረ የልብስ ማጠቢያ ነው። ፍሬው ደርቆ ተወቅጦ ውሃ ሲነካው አረፋ ያወጣል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ አካባቢ የቢልሃርዝያን በሽታ ሲያጠኑ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። በሽታውን የሚያስተላልፈው ተሕዋስ በእነዚህ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ያድጋልና፥ ነገሩ ቀላል አልነበረም። ሌጦ የማይገዛበት ፍሬ፥ ድኻ ገበሬ በጓሮው አብቅሎ የወንዙን ውሃ ሊያጸዳበት የሚችል መድኃኒት ሆኖ ተገኘ። በአሜሪካ የስታንፎርድ ምርምር ተቋም የኬሚስትሪ ዐዋቂዎች ከፍሬው ያወጡትን ገዳይ ንጥረ ነገር በእሳቸው ስም «ለማቶክሲን» ብለው ሰየሙት። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 እ.ኤ.አ. «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ከዚያም በኦሃዮ ግዛት የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፥ የታላላቆቹን ሐይቆች የውሃ ቧንቧ የሚደፍኑትን «ዜብራ» የተባሉ ባለ ቅርፊት የውሃ እንስሳት እንዶድ እንደሚገድላቸው በምርምር ተረጋግጦ፥ በ1993 እ.ኤ.አ. ፓተንት ተሰጠው፤ ዶክተር አክሊሉም ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ሆነው ተመዘገቡ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያሉትን እጆች አንድ በአንድ እንቍጠር። ቀንድ አውጣዎቹን ያስተዋሉት ዶክተር አክሊሉ ናቸው፤ ንጥረ ነገሩን የለዩት ኬሚስቶች ናቸው፤ በሐይቁ እንስሳት ላይ የተፈተነው በቶሌዶ ነው። እያንዳንዱ ሥራ ባለቤት አለው፥ ስሙም ተጽፏል፤ በመዝገቡ ላይ ሐሰት የለም። ነገር ግን ያለ መጀመሪያዎቹ እጆች፥ ማለት ፍሬውን ከዱር መርጠው፥ አድርቀው፥ ወቅጠው ወደ ወንዙ ካወረዱት ሴቶች በቀር፥ የሚታይ የሞተ ቀንድ አውጣ አይኖርም ነበር። ሕጉ ለእነርሱ ስፍራ ያጣው በክፋት አይደለም፤ ስማቸውን የሚጽፍበት መሥመር ስለሌለው ነው።

የጤፍ ታሪክ ከዚህ ይከፋል። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር፥ ኩባንያው የጤፍ ዘር እንዲጠቀም ጥቅሙንም እንዲያካፍል ተዋዋሉ። ውሉ በጊዜው ለዓለም ምሳሌ የሚሆን ነው ተብሎ ተወድሶ ነበር። ሆኖም ስለ ጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት የቀረበ ሌላ ማመልከቻ በአውሮፓ የፓተንት መሥሪያ ቤት ተመርምሮ በ2007 እ.ኤ.አ. ጸደቀ። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው፤ የጋገራ ሙያተኞች የዱቄትን ጠባይ የሚለኩበት፥ አንድ ዘንግ በሞቀ ሊጥ ውስጥ ለመውረድ በሚፈጅበት ሰኮንድ የሚቈጠር መለኪያ አለ፤ የጤፍ ዱቄት ይህ ቍጥር ቢያንስ 250 ሲሆን መልካም ይጋገራል፤ ለዚህም እህሉ ከታጨደ በኋላ ጥቂት ሳምንታት ቈይቶ መፈጨት አለበት። ጤፉን በጎተራ አቈይቶ ለሚፈጭ የጎጃም ወይም የሸዋ ገበሬ ይህ ፈጠራ ነው ቢሉት ምን እንደሚመልስ መገመት አያዳግትም። ኩባንያው በ2009 እ.ኤ.አ. ከስሮ ተዘጋ። ሬጊና አንደርሰንና ቶነ ዊንገ በ2012 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት እንደሚያስረዳው፥ ኢትዮጵያ ከውሉ ያገኘችው 4,000 ዩሮ ያህልና ተጀምሮ የተቋረጠ አንድ አነስተኛ የምርምር ሥራ ነው። ፓተንቱ ግን ወደ ሌላ ኩባንያ አልፎ ቈየ። በመጨረሻም የሄግ ፍርድ ቤት በኅዳር 12 ቀን 2011 ዓ.ም. የፈጠራ ብቃት የለውም ሲል በሆላንድ ውስጥ ውድቅ አደረገው። በክርክሩ ላይ ሁለቱም ተሟጋቾች የሆላንድ ኩባንያዎች ነበሩ፤ የጤፍ ባለቤት የሆነው አገር ከሳሽም ተከሳሽም አልነበረም።

በቡና ላይ የተያዘው መንገድ ሌላ ነው፤ በእኔ አስተያየት ከሁሉ የተሻለ ውጤት ያስገኘውም እሱ ነው። መንግሥት በ2005 እ.ኤ.አ. ይርጋ ጨፌ፥ ሲዳሞና ሐረር የሚባሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር የተደረገው ክርክርም በ2007 እ.ኤ.አ. በስምምነት አለቀ። ቡናውን ማንም እንዳያበቅል፥ እንዳይቈላ አልተከለከለም፤ የተጠበቀው ስሙ ነው። ብራና ላይ ውግዘት የጻፉት አባቶች ቢሰሙት ነገሩ አይጠፋቸውም ነበር።

በአገር ውስጥ ለማኅበረሰብ ዕውቀት ስፍራ የሰጠው በ1998 ዓ.ም. የወጣው የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ ቍጥር 482 ነው። በዚህ ሕግ የጄኔቲክ ሀብት ባለቤቶች መንግሥትና የኢትዮጵያ ሕዝብ ናቸው፤ የማኅበረሰብ ዕውቀት ግን የየማኅበረሰቡ ነው፤ የሚፈልገው ሰውም አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ሕጉ የሚመሰገን ነው። ችግሩ የሚነሣው ማኅበረሰቡ ማን ነው ሲባል ነው። እንዶድን አድዋም ጎንደርም ሐረርጌም ያውቀዋል፤ ጤፍን የአንድ ወረዳ ማድረግ ደግሞ የማይታሰብ ነው። ይህን ጥያቄ የሚመልሰው ሕግ አውጪ አይደለም፤ የትኛው ዕውቀት በየትኛው አገር፥ በማን ዘንድ፥ በምን ስም እንደሚገኝ መርምሮ የሚጽፍ ሰው ነው።

ስለዚህም ጉዳዩ እኛ የባህል አጥኚዎች በምንጽፈው ላይ ይደርሳል። በአዋጅ ቍጥር 123 መሠረት አንድ ነገር አዲስ ፈጠራ የሚባለው በየትኛውም አገር በጽሑፍም ሆነ በቃል ወይም በሥራ ለሕዝብ ያልተገለጠ ሲሆን ነው። በአሜሪካ ግን እስከ 2013 እ.ኤ.አ. የሠራበት ሕግ፥ በውጭ አገር ያለ ልማድ ታትሞ ካልተገኘ በቀር አዲስነትን እንደሚያፈርስ አይቈጥረውም ነበር። በአድዋ ወንዝ ዳር የሚነገረው ቃል በዚያ ምስክር አይሆንም፤ በመጽሔት የታተመ አንድ ገጽ ግን ይሆናል። እስቴፋን እስትሬልሲን በ1960 ዓ.ም. የኢትዮጵያን የመድኃኒት መጻሕፍት ተርጉመው ሲያሳትሙ፥ ከዚያ ወዲህ ማንም በውስጡ የተጻፈውን እኔ አገኘሁት እንዳይል አጥር ሠርተዋል። በዚያው ገጽ ግን መድኃኒተኛው ለአንድ ልጁ ብቻ ሊያወርሰው ይጠብቀው የነበረው ምስጢር ለሁሉ ተገልጧል። አንዱን ጥበቃ ለማግኘት ሌላውን ማፍረስ ግድ ሆኖ ይታያል፤ ቢያንስ ግን ከሁለቱ የሚመረጠውን ባለቤቱ ተጠይቆ መወሰን ይገባዋል። የቈዩ የመስክ መዝገቦችን ገልጦ የተመለከተ ሰው እንደሚያውቀው፥ የቅጠሉ ስም በአማርኛ፥ በትግርኛና በላቲን ተለይቶ፥ ቀኑና ስፍራው ተመዝግቦ ሳለ፥ ያሳየው ሰው ብዙ ጊዜ «አንድ ሽማግሌ» ተብሎ ታልፏል።